በሐዋሳ ስቱዲዮዎች መሣሪያን ከሚክሰር ጋር ማገናኘት

ሚክሰር ከየመሣሪያው የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ መጠኑን አስተካክሎና አዋሕዶ ወደ መቅጃው የሚያስተላልፍ የስቱዲዮ እምብርት ነው። የሲዳማ ክልል መዲና በሆነችው ሐዋሳ በሲዳምኛም ሆነ በአማርኛ የሚዘፈን ዘፈን፣ የመዘምራን ዝማሬና የሬዲዮ ማስታወቂያ ሲቀዳ፣ ክራርና ኪቦርድ፣ ማሲንቆና ከበሮ በአንድ ሚክሰር ላይ ይገናኛሉ። ብዙ ሰው የቅጂ ጥራትን ከማይክሮፎን ዋጋ ጋር ብቻ ያያይዛል፤ ተገቢ ባልሆነ መግቢያ የገባ ድምፅን ግን ውድ ማይክሮፎንም አያድነውም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የምልክቱ ጉልበት ነው። ማይክሮፎን የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሺህኛ ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ጌይን (የምልክት ማጎልበቻ) ባለው የማይክሮፎን መግቢያ በኩል መጎልበት አለበት። ኪቦርድና ኮምፒውተር ግን ምልክታቸው ከማይክሮፎን ስለሚበረታ፣ ለጠንካራ ምልክት በተዘጋጀው የላይን መግቢያ ይገባሉ። የባለሙያ መሣሪያዎች መደበኛ የላይን መጠን 1.23 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ ለቤት አገልግሎት የተሠሩት 0.32 ቮልት አካባቢ ናቸው። ኪቦርድ በማይክሮፎን መግቢያ ሲሰካ ድምፁ የሚሰነጣጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ) የተገጠመለት ክራር ከሁለቱም ይለያል፤ ምልክቱን ለማይክሮፎን መግቢያ እንዲመች በሚለውጠው ዲአይ ቦክስ በኩል ካለፈ ረጅም ገመድ ቢጎተትለትም ጥራቱን አያጣም።

ማይክሮፎንን ከሚክሰር ጋር የሚያያይዘው ባለ ሦስት እግሩ የኤክስኤልአር ገመድ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። 1ኛው እግር ከገመዱ መከላከያ ሽፋን ጋር ይገናኛል፤ 2ኛውና 3ኛው አንዱን ድምፅ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሸከማሉ። በመንገድ ላይ የሚለቀም የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ በሁለቱም ሽቦዎች ላይ እኩል ስለሚያርፍ፣ ሚክሰሩ የሁለቱን ልዩነት ሲወስድ ጉምጉምታው ይጠፋል፤ ዘፈኑ ይቀራል። ገመዱ ሲበየድ 2ኛውና 3ኛው ከተቀያየሩ ግን ድምፁ ይገለበጣል። በአንድ ማይክሮፎን ብቻ ሲቀዳ ይህ እምብዛም አይታወቅም። ከበሮን በሁለቱም ፊቱ በሁለት ማይክሮፎን ለሚቀዳ ባለሙያ ግን ጣጣ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። ገመዱ ትክክል ሆኖ እንኳ ማይክሮፎኖቹ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ተመሳሳይ ችግር ሊፈጠር ይችላል። መፍትሔው በአንደኛው ማይክሮፎን ቻናል (የሚክሰሩ መስመር) ላይ ያለውን የመገልበጫ ቁልፍ እየተጫኑና እየለቀቁ፣ ከበሮው ይበልጥ የሚሞላበትን መምረጥ ነው።

ረቂቅ ድምፅን የሚይዘው ኮንደንሰር ማይክሮፎን በዚያው ገመድ 48 ቮልት የፋንተም ኃይል (ከሚክሰሩ የሚላክለት ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል። ማሲንቆን ለመሰለ፣ የጭራው ፍትጊያ ሳይቀር መሰማት ላለበት መሣሪያ እንዲህ ያለው ማይክሮፎን ይመረጣል፤ ከቆዳው ጥቂት ወደ ጎን ዘወር ቢል ድምፁ ይለሰልሳል። ከመሰካትም ሆነ ከመንቀል በፊት ፋንተሙን አጥፍቶ ፌደሩን (የቻናሉን ድምፅ መጠን የሚቆጣጠረውን ተንሸራታች) ዝቅ ማድረግ ግድ ነው። በስስ የብረት ጥብጣብ የሚሠሩ አንዳንድ የቆዩ ሪበን ማይክሮፎኖች በዚህ ኃይል ሊበላሹ ይችላሉ።

የድምፅን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርበው ኮምፕረሰር በኢንሰርት (የቻናሉን ድምፅ አውጥቶ በሚመልሰው መሰኪያ) በኩል ይገናኛል። ለዘፋኙ ጆሮ ማዳመጫ የሚሄደው ድምፅ ደግሞ ከፌደር በፊት ከሚነሳ የኦግዚለሪ (ተጨማሪ) መውጫ ቢወሰድ ይሻላል፤ ባለሙያው ፌደሩን ባንቀሳቀሰ ቁጥር የዘፋኙ ጆሮ አይረበሽም።

የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። መሣሪያዎች ከተለያዩ ሶኬቶች ሲሰኩ በመሬት ገመዶቻቸው መካከል በሚፈጠር ዙር ምክንያት በስፒከሩ የሚሰማው ጉምጉምታም ከዚሁ ከ50 ኸርዝና ከብዜቶቹ ይመነጫል። ሁሉንም ከአንድ የሶኬት መስመር ማብላት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ጉምጉምታን ለማጥፋት ብሎ የመሬት ገመድን መቁረጥ የሰው ሕይወት ስለሚያሳጣ ፈጽሞ አይደረግም፤ በዲአይ ቦክስ ላይ ያለው የመሬት ማቋረጫ ቁልፍ የድምፁን መስመር ብቻ ስለሚነካ ለዚህ ያገለግላል።

ሲከፈት ሚክሰሩ ይቀድማል፣ ስፒከሮቹ ይከተላሉ፤ ሲዘጋ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መብራት በድንገት ከጠፋም ኃይሉ ከመመለሱ በፊት ስፒከሮቹን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ሚክሰሩ ሲነሳ የሚለቀው ድንገተኛ ምት የስፒከሩን የሽቦ ጥቅል ሊጎዳው ይችላል።