ጥቁሩ መስመር ፊልሙን አልቆረጠውም፦ ስለ ሃሪ ፖተር ሁለተኛ ፊልም ዲቪዲ የሚወሩ ስህተቶች

የሃሪ ፖተር ሁለተኛው ፊልም ኖቬምበር 2002 ሲኒማ ቤት ገባ። ኤፕሪል 11 ቀን 2003 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በዲቪዲና በቪኤችኤስ ካሴት ለሽያጭ ወጣ። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው፤ ዲስኩ ግን ዛሬም ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገኛል፣ ለልጆችም ይከፈታል። ገና ከመከፈቱ አንዱ ይነሳና «ከላይና ከታች ጥቁር አለው፤ ተቆርጧል» ይላል። አልተቆረጠም። ይህን ስንት ጊዜ መናገር ያስፈልጋል?

ፊልሙ የተሠራው ወርዱ የቁመቱን 2.4 እጥፍ ያህል በሆነ ቅርጽ ነው። የዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ወርዱ የቁመቱ 1.78 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ምስሉ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ እንዲታይ ከተፈለገ ከላይና ከታች ቦታ መትረፉ የግድ ነው። ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ ከ1080 መስመር 800 ያህሉን ምስሉ ይይዛል፤ የቀረው 280 ለሁለት ተከፍሎ ከላይ 140፣ ከታች 140 ጥቁር ይሆናል። እዚያ ጥቁር ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም።

ፊልሙን የሚቆርጠው ሪሞት አንስቶ «ዙም» የሚጫነው ሰው ነው። ስክሪኑ እስኪሞላ ሲያጎላው ከወርዱ 26 በመቶው ይጠፋል፤ ከግራ 13፣ ከቀኝ 13። የድግምት ፍልሚያው ትምህርት ላይ ሃሪና ማልፎይ በረጅሙ መድረክ ላይ ዘንጋቸውን ይዘው ሲፋጠጡ ተመልከቱ። ትዕይንቱ የቆመው በመካከላቸው ባለው ርቀት ላይ ነው፤ ዙም ሲደረግ የሚበላው ደግሞ ጫፉ ነው። ከታች የሚመጣው የትርጉም ጽሑፍም አብሮ ሊቆረጥ ይችላል። ከዚያ «ጽሑፉ አይነበብም» ተብሎ ዲስኩ ይወቀሳል።

አሜሪካ ውስጥ ዲቪዲው በሁለት ዓይነት ለየብቻው ተሽጧል፤ አንዱ ዋይድስክሪን፣ ሌላው ፉልስክሪን። ፉልስክሪኑ የተዘጋጀው ለድሮው አራት ማዕዘን ቴሌቪዥን ነው። ብዙ ሰው እሱን «ሙሉው ፊልም» ብሎ ይመርጣል። ሰፊ ምስል ለአራት ማዕዘኑ ስክሪን ከጎን ሲቆረጥ ከወርዱ ወደ 45 በመቶ ይሄዳል፤ ግማሽ ሊሞላ ምን ቀረው! እርግጥ ሱፐር 35 በሚባለው ዘዴ በተቀረጹ ፊልሞች ላይ ኔጋቲቩ (ካሜራው የቀረጸበት ፊልም) ለሲኒማ ከተመረጠው ክፍል ይልቅ ረዘም ስለሚል፣ በተራ ትዕይንቶች ላይ ከላይና ከታች ትንሽ ተጨማሪ ሊታይ ይችላል። «እኔ ከላይ ተጨማሪ አይቻለሁ» የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ግን የኮምፒውተር ኢፌክት ያለበት ትዕይንት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለሰፊው ቅርጽ ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ መቆረጡ አይቀርም፤ ዶቢንና ግዙፉን እባብ የያዘ ፊልም ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ትዕይንት ጥቂት አይደለም።

መፍትሔው ዙም ሳይሆን ሴቲንግ ነው። የዴኩን ሴትአፕ ክፈቱና «ቲቪ ታይፕ» ወይም «ቲቪ ዲስፕሌይ» የሚለውን ፈልጉ። ቴሌቪዥናችሁ ሰፊ ከሆነ 16፡9፣ የድሮው ከሆነ 4፡3 ሌተርቦክስ (ጥቁር መስመሩን የሚተወውን) ምረጡ። 4፡3 ፓንስካን የሚለውን ተዉት፤ የሚቆርጠው እሱ ነው። የሰዎቹ ፊት ቀጭንና ረጅም ከሆነ ዴኩ 16፡9 ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑ 4፡3 ነው ማለት ነው። ፊታቸው ጠፍጣፋና ወፍራም ከሆነ ወይም ምስሉ በአራቱም በኩል ጥቁር ከከበበው የተገላቢጦሹ ነው፤ ዴኩ 4፡3 ላይ ቀርቷል። ሃግሪድ በተፈጥሮው ሰፊ ስለሆነ በእሱ አትፍረዱ፤ ክብ ነገር፣ ለምሳሌ የሃሪን መነጽር፣ እዩ።

«ሁለተኛው ዲስክ የፊልሙ ግማሽ ነው»። ይህ ከቪሲዲ ዘመን የቀረ ልማድ ነው። አንድ ቪሲዲ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ፊልም ሁሉ በሁለትና በሦስት ዲስክ ይመጣ ነበር። እዚህ ግን 161 ደቂቃው ሙሉ በሙሉ አንደኛው ዲስክ ላይ አለ። ሁለተኛው ላይ ያለው ቃለ መጠይቅ፣ ጨዋታና ከፊልሙ የወጡ ወይም ያጠሩ 19 ትዕይንቶች ነው። ትዕይንቶቹ ፊልሙ ውስጥ ገብተው 174 ደቂቃ ሆኖ የሚታየው የተራዘመ ቅጂ የወጣው በ2009 በልዩ እትም ነው፤ የ2003ቱ ዲስክ ላይ አትፈልጉት።

«የአውሮፓው ዲስክ ሰባት ደቂቃ ተቆርጦበታል»። አልተቆረጠበትም፣ ፈጥኖ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ ፓል በሚባለው የአውሮፓ የምስል ሲስተም የተሠራ ዲቪዲ 25 ያጫውታል። 161ን በ24 አባዝታችሁ ለ25 አካፍሉት፤ 154 ደቂቃ ከምናምን ይወጣችኋል። ድምፁም በጥቂቱ ይቀጥናል።

ከአሜሪካ የመጣ ዲስክ አልሠራ ሲል «ዴኩ ተበላሽቷል» ይባላል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚደባለቁት። አንደኛው የሪጅን ቁልፍ ነው፣ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚከፈት የሚወስነው፦ የአሜሪካ ዲቪዲ ሪጅን 1፣ የእስራኤል፣ የባሕረ ሰላጤውና የምዕራብ አውሮፓ 2፣ የኢትዮጵያ 5 ነው። ሁለተኛው የምስል ሲስተም ነው፤ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ፣ እኛ ፓል። ሁሉንም ሪጅን የሚከፍት ዴክ ሁለተኛውን ችግር አይፈታም። ፊልሙ ተከፍቶ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ምስሉ እየተንከባለለ ካስቸገረ ችግሩ ሲስተም ነው፤ ዴኩ ላይ «ቲቪ ሲስተም» የሚለውን ከአውቶ ወደ ፓል ቀይሩት። ብሉሬይ ላይ አሜሪካ ኤ፣ እኛ ቢ ነን። የ4ኬ ዲስክ ሪጅን የለውም። ኮምፒውተር ላይ የምታዩ ተጠንቀቁ፦ የዲቪዲ ድራይቭ ሪጅን መቀየር የሚቻለው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል።

ብሉሬይ በዲቪዲ ዴክ አይሠራም፤ ሌዘሩ ሌላ ነው።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዳምብልዶር ከሦስተኛው ፊልም ጀምሮ ሌላ ሰው የሆነው በክፍያ ጠብ አይደለም። እስከዚያ ዳምብልዶርን ይጫወት የነበረው ሪቻርድ ሃሪስ ይህ ፊልም ሲኒማ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ኦክቶበር 25 ቀን 2002 አርፏል።

ክሬዲቱ ሲጀምር ፊልሙ አላለቀም። ስለ አስተማሪው ሎክሃርት አንድ አጭር ትዕይንት ከክሬዲቱ በኋላ አለ።

«ድምፁ የተበላሸ ነው፤ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ንግግሩ አይሰማም»። ንግግሩ በአብዛኛው የተቀመጠው በመሃለኛው ስፒከር ላይ ነው። ዴኩን 5.1 (ለስድስት ስፒከር) ላይ አድርጋችሁ ሁለት ስፒከር ብቻ ከሰካችሁ ንግግሩ መውጫ የለውም። ኦዲዮ ሴቲንግ ገብታችሁ ስቴሪዮ ወይም ዳውንሚክስ (ሁሉንም ድምፅ ወደ ሁለቱ ስፒከር የሚያመጣውን) ምረጡ።

ስለ ጭረት ደግሞ የማይባል የለም። ዲስኩ መሃል ላይ ለቅጽበት ቀጥ ብሎ ከቀጠለ ደህና ነው፤ ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ ላይ ሌዘሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ሁልጊዜ እዚያው ደቂቃ ላይ ከቆመ ዲስኩ ቆሽሿል ወይም ተጭሯል። በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ፣ በተለያየ ዲስክ ከቆመ ግን ሌንሱን ጠርጥሩ፤ ዲስኩን ማሸት ምንም አይጠቅምም። የጥርስ ሳሙና የሚቀባው ሰው ደግሞ ይተወው። የጥርስ ሳሙና ሻካራ ነው፤ አንዱን ጭረት እያለሰለሰ ሌላ መቶ ይጨምራል። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በውሃና በጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አርጥቡና ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። በክብ አትጥረጉ፦ መረጃው የተጻፈው በክብ እየዞረ ስለሆነ በዚያው አቅጣጫ የተፈጠረ ጭረት ተከታታይ መረጃ ይሸፍናል፤ ዴኩ የጎደለውን አስልቶ ሊሞላው አይችልም። ጭረቱ አቋርጦ ካለፈ ግን ከእያንዳንዱ ዙር የሚነካው ትንሽ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሳታውቁት ያልፋል። ቤንዚንና አሴቶን ፕላስቲኩን ይበሉታል። ዲቪዲ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ ከመያዣው ስታወጡት መሃሉን ተጫኑት እንጂ ጠርዙን ይዛችሁ አታጉብጡት።