ተጠቃሚዎች የሚገነቧቸው የርዕስ ፖርታሎች

የርዕስ ፖርታል በአንድ ጉዳይ ላይ ኢንተርኔት ውስጥ ተበታትኖ ያለውን ነገር ሰብስቦ አንድ ቦታ የሚያስቀምጥ ገጽ ነው። ስለ ንብ እርባታ ማወቅ የፈለገ ሰው እዚያ ይገባል። መነሻ የሚሆን ጽሑፍ፣ ተመርጠው የተቀመጡ ሊንኮች፣ ፎቶዎችና ዜናዎች ያገኛል። እንዲህ ያለውን ገጽ ጋዜጣም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ ኩባንያም ሊሠራው ይችላል። እዚህ የምንዳስሰው ግን ተጠቃሚው ራሱ የሚሠራውን ነው። መድረኩን አንድ ድርጅት ያዘጋጃል። ርዕሱን የሚመርጠው፣ ገጹን የሚሞላውና የሚንከባከበው ጉዳዩን የሚወድ ማንኛውም ሰው ነው።

እንዲህ ያሉ መድረኮች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲከፈቱና ሲዘጉ ኖረዋል። አዲስ በመጣ ቁጥር ሰው ጓጉቶ ይገባል፣ ገጽ ይከፍታል፣ ትንሽ ይቆይና ይጠፋል። ገጽ መክፈት ቀላል ነው። ከባዱ ከሁለት ዓመት በኋላም እየገቡ የሞተውን ሊንክ መንቀል፣ ያረጀውን ጽሑፍ ማደስ ነው። የቆዩትና የወደቁት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዝርዝር ወደ ማውጫ

የዚህ አሠራር ጥንታዊው ቨርቹዋል ላይብረሪ ይባላል። የጀመረው የዎርልድ ዋይድ ዌብ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ነው፤ በ1991፣ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል። እያንዳንዱ ዘርፍ ጉዳዩን ለሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ይሰጣል። እሱም የዘርፉን ገጽ በራሱ ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል። ማዕከሉ የሚይዘው ወደየገጹ የሚወስደውን ዝርዝር ነው። ስለዚህ ጥራቱ ከገጽ ገጽ ይለያያል። ጎበዝ ሰው የያዘው ዘርፍ ያምራል፤ ያዡ ሥራ የበዛበት ዘርፍ ደግሞ ባለበት ይቀራል።

በ1994 ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ፣ የሚወዷቸውን ድረ ገጾች በየፈርጁ መዘርዘር ጀመሩ። ያሁ የተወለደው ከዚያ ነው። ዝርዝሩ ሲያድግ ኩባንያው ድረ ገጾችን እያዩ የሚመድቡ ሠራተኞች ቀጠረ። ድሩ ግን ከሠራተኞቹ በፈጠነ ፍጥነት አደገ። ማውጫው ውስጥ ለመግባት የሚጠብቀው ሰልፍ ረዘመ። ለሚቀጥለው ሙከራ መንገድ የከፈተው ይህ ሰልፍ ነው።

ዲሞዝ

በሰኔ 1998 ሪች ስክሬንታና ቦብ ትሩኤል የተባሉ የሰን ማይክሮሲስተምስ መሐንዲሶች አንድ ማውጫ ከፈቱ። ጥቂት ደሞዝተኞች ያልቻሉትን ሥራ ሺህ በጎ ፈቃደኞች ይችሉታል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። መጀመሪያ ያወጡለት ስም ግኑሁ ነበር። በስሙ ላይ ተቃውሞ ሲነሳ ኒውሁ አሉት። ዓመቱ ሳያልቅ የድር ማሰሻ ሠሪው ኔትስኬፕ ገዛው፤ ኦፕን ዳይሬክቶሪ ፕሮጀክትም ተባለ። አድራሻው directory.mozilla.org ስለነበረ ሰው አሳጥሮ ዲሞዝ እያለ ለመደው። ኔትስኬፕን የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ኤኦኤል ሲገዛው ማውጫውም አብሮ ሄደ።

የዲሞዝን አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት መድረኮች ሁሉ የሚነጻጸሩት ከእሱ ጋር ነው። አርታኢ መሆን የሚፈልግ ሰው አንድ ትንሽ ፈርጅ ይመርጣል። ማመልከቻ ይሞላል። እዚያ ፈርጅ ውስጥ ቢገቡ የሚላቸውን ሁለት ሦስት ድረ ገጾች ከነርዕሳቸውና ከነመግለጫቸው ያቀርባል። የራሱ ወይም ጥቅም ያለበት ድረ ገጽ ካለም አስቀድሞ ይናገራል። የቆዩ አርታኢዎች ማመልከቻውን አይተው ያሳልፉታል ወይም ይመልሱታል። ካለፈ ፈርጁ የእሱ ኃላፊነት ይሆናል። ሲገባ የሚያገኘው ከሕዝብ የተላኩ፣ ገና ያልታዩ አድራሻዎች የተደረደሩበትን ወረፋ ነው። አንድ በአንድ ይከፍታቸዋል። ለሚረባው አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፍለታል።

እዚያች መግለጫ ላይ ጥብቅ ሕግ ነበረ። ውዳሴ አይፈቀድም። “ምርጥ”፣ “ቁጥር አንድ”፣ “ዛሬውኑ ይጎብኙን” የሚሉ ቃላት ይሰረዛሉ። አንድ ሆቴል “በአገሩ ተወዳዳሪ የሌለው” ብሎ ቢልክ፣ አርታኢው የክፍሎቹን ዓይነት፣ አድራሻውንና ገጹ ላይ ያለውን መረጃ ብቻ ያስቀራል። እኔ ይህን ሕግ በጣም እወደዋለሁ። ኢንተርኔት ላይ አንባቢን ያከበረ አጻጻፍ ምን እንደሚመስል ያሳየ ሥራ ነበር።

ኢትዮጵያም ቦታ ነበራት። በአካባቢ ክፍል፣ በአፍሪካ ሥር፣ ስለ አገሪቱ ድረ ገጾች የሚዘረዘሩበት ፈርጅ ነበር። በአማርኛ ለተጻፉ ገጾች ግን ዘመኑ አልተመቸም። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ ድሩ ላይ ይታይ የነበረው በምስል መልክ ወይም እያንዳንዱ ገጽ በሚጠይቀው ልዩ ፎንት ነበር። ፎንቱን ያልጫነ ሰው ትርጉም የለሽ ምልክት ያያል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ መፈለጊያም አያገኘውም፣ ማውጫም በቅጡ አይመድበውም። የእኛ ቋንቋ በመጀመሪያው የማውጫ ዘመን ወደ ዳር የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዛሬ አዲስ መድረክ ሲከፈት ማንም በቀላሉ በአማርኛ ርዕስ ሲጽፍ ሳይ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው።

ዲሞዝ መረጃውን ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበት ክፍት አድርጎ ነበር። ጉግል በ2000 በዚሁ መረጃ ላይ የራሱን ማውጫ ሠራ። የጉግል ውጤቶች ሥር የሚታየው አጭር መግለጫም አንዳንዴ ከዲሞዝ የተወሰደ ነበር። ይህ ማውጫውን ትልቅ ክብር ሰጠው፤ ጣጣም አመጣበት። እዚያ መዘርዘር በመፈለጊያ ውጤት ላይ ከፍ ያደርጋል የሚል እምነት ተስፋፋ። የድረ ገጽ ባለቤቶች ወረፋውን አጨናነቁት። ለወራት መልስ ያጣ ሰው አማረረ። አንዳንድ አርታኢዎች ለራሳቸው ሰው ያደላሉ የሚል ክስም ተሰማ። በ2006 መጨረሻ ላይ ሰርቨሩ ተበላሽቶ አርታኢዎች ለሁለት ወር ገደማ መሥራት አልቻሉም። ጉግል የራሱን ማውጫ በ2011 ዘጋ። ዲሞዝም መጋቢት 17 ቀን 2017 ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ከ3.8 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች ተመዝግበውበት ነበር። ባለፉት ዓመታት የሠሩበት አርታኢዎችም ከ90 ሺህ በላይ ነበሩ።

ገንዘብ ሲገባበት

ዲሞዝ ላይ ማንም አይከፈለውም ነበር። ሌሎች ግን ለሚሠራው ሰው ገንዘብ ብንሰጠው ይቆያል ብለው አሰቡ።

ከእነዚህ አንዱ በ1997 ማይኒንግ ካምፓኒ በሚል ስም የተከፈተው የስኮት ከርኒት መድረክ ነው። በ1999 ስሙን ወደ አባውት ዶት ኮም ለወጠ። እያንዳንዱ ርዕስ አንድ አስጎብኚ ነበረው። ስሙና ፎቶው ገጹ ላይ ይታያል፤ ክፍያው ከገጹ ጎብኚ ጋር የተያያዘ ነበር። አንባቢ ስለ ሹራብ ሥራ ሲገባ የሚያነበው የአንድ የሚታወቅ ሰው ምርጫ መሆኑን ያውቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኒውዮርክ ታይምስ ኩባንያ በ2005 በ410 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2012 ለኢንተርኔት ኩባንያው አይኤሲ በ300 ሚሊዮን ሸጠው። በ2017 ዶትዳሽ ተብሎ፣ ሁሉን በአንድ ጣሪያ ማድረጉን ትቶ በጤና፣ በገንዘብ፣ በቤት አያያዝ ወደተለያዩ ድረ ገጾች ተከፋፈለ።

ስኩዊዱ የተባለው መድረክ ደግሞ ምርጫ አልነበረውም፣ ፈተና አልነበረውም፤ የፈለገ ይገባ ነበር። ያቋቋመው የማርኬቲንግ ጸሐፊው ሴት ጎዲን ነው፣ በ2005። አንዱ ገጽ ሌንስ ይባል ነበር። የሚሠራው በደቂቃዎች ነበር። ርዕስ ይጻፋል። ከዚያ የተዘጋጁ ሳጥኖች ይመረጣሉ፦ የጽሑፍ ሳጥን፣ የሊንክ ዝርዝር፣ ፎቶ፣ የአንባቢ ድምፅ መስጫ፣ ከአማዞን የሚመጡ መጻሕፍት። ሳጥኖቹን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረጉ ማስተካከል ነው። ኮድ የማያውቅ ጡረተኛ መምህር ስለ ቴምብር የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሊያስቀምጥ ይችል ነበር። ከገቢው ግማሹ ለገጽ ሠሪዎቹ፣ ትንሽ ድርሻ ደግሞ ለበጎ አድራጎት ይሄድ ነበር። ሠሪው የራሱን ድርሻም ለበጎ አድራጎት መስጠት ይችል ነበር። ብዙዎች በዚህ መንገድ ሰጥተዋል፤ ሊመሰገን የሚገባው ሐሳብ ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያው ከገንዘቡ ነው። ጉዳዩን ከሚወዱ ሰዎች ጎን ለጎን ሊንክና ኮሚሽን ብቻ የሚፈልጉ ገቡ። ስለማያውቁት ነገር በቀን ብዙ ገጽ ከፈቱ። ጉግል በየካቲት 2011 ፓንዳ የተባለውን ማስተካከያ አወጣ፤ ይዘታቸው ስስ የሆኑ ድረ ገጾችን ወደ ታች የሚገፋ ነበር። በርካታ ተጠቃሚ የሚጽፍባቸው መድረኮች ጎብኚያቸው አሽቆለቆለ። በቅን ልብ የሠራውም አብሮ ተጎዳ፤ ይህ እስካሁን ያሳዝነኛል። ስኩዊዱን በነሐሴ 2014 ተፎካካሪው ሃብፔጅስ ገዛው፤ ገጾቹም ወደዚያ ተዛወሩ።

ጉግል ራሱም ሞክሮ ነበር። ኖል የተባለውን መድረክ በሐምሌ 2008 ለሕዝብ ከፈተ። ጸሐፊው በስሙ ይጽፋል፣ ከፈለገ ማስታወቂያ ያደርግበታል። በ2012 ተዘጋ።

ዊኪፔዲያና ፋንደም

ዊኪፔዲያ ውስጥም ፖርታሎች አሉ። በፖላንድኛና በጀርመንኛው የተጀመረው አሠራር በ2005 ወደ እንግሊዝኛው ገባ። ፖርታሉ የዘርፉን ጽሑፎች ያስተዋውቃል፣ የተመረጠ ጽሑፍና ምስል ያወጣል፣ ሊሠራ የሚገባውን ያመላክታል። አርታኢዎች በ2018 እንግሊዝኛው ላይ ከረር ያለ ክርክር ገጠሙ። አንባቢ አይገባባቸውም፣ ብዙዎቹም ዓመታት ሳይታደሱ ቀርተዋል፣ ስለዚህ ሁሉም ይወገዱ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ አልጸደቀም። ከዚያ ግን ሌላ ጽንፍ ታየ። ገጽ በራሱ የሚሞላ መሣሪያ ተሠርቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ፖርታሎች በአጭር ጊዜ ተፈለፈሉ። ባለቤት የላቸውም። በ2019 በጅምላ ተሰረዙ። ከዚህ ዳሰሳ አንድ ምሳሌ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። መሣሪያው እንከን አልነበረውም፤ የጎደለው ገጹን የኔ የሚል ሰው ነው።

አማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የጀርመንኛው ከ2.9 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው፤ የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው። ፖርታል የሚያምረው ከሥሩ የሚመራባቸው ጽሑፎች ሲኖሩ ነው። ስለ ቡና የሚያምር መግቢያ ሠርቶ ገና ወዳልተጻፈ ጽሑፍ የሚያመለክት ቀይ ሊንክ ብቻ ከመደርደር፣ መጀመሪያ ስለ ጅማ፣ ስለ ይርጋጨፌ፣ ስለ አፈላሉና ስለ ረከቦቱ አንዳንድ ጽሑፍ መጻፍ ይበልጣል።

ፋንደም በ2004 በዊኪፔዲያ መሥራቹ በጂሚ ዌልስና በአንጄላ ቢዝሊ ዊኪሲቲስ ተብሎ ተመሠረተ፤ በኋላ ዊኪያ፣ በ2016 ደግሞ ፋንደም ሆነ። አንድ ፊልም ወይም ጌም የሚወዱ ሰዎች የራሳቸውን ሙሉ ዊኪ፣ ማለትም ተጠቃሚዎቹ አብረው የሚጽፉትና የሚያርሙት ድረ ገጽ፣ ይከፍቱበታል። ጠባብ ርዕስ መያዙ ጠቅሞታል። አንድን ተከታታይ ፊልም ነፍሱ እስኪወጣ የሚወድ ሰው ማንም ሳይከፍለው ይመላለሳል።

አዲስ መድረክ ሲሞከር

አዲስ የርዕስ መድረክ ሲከፈት መሞከሩ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚያየው መልኩን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው አሮጌውን ገጽ ነው። መድረኩ ላይ ቀድመው ከተከፈቱት ውስጥ ጥቂቱን ከፍቶ መጨረሻ የታደሱበትን ቀን ማየት ብዙ ይናገራል። ዋናው ገጽ ላይ የሚታዩት ኩባንያው የመረጣቸው ናቸው፤ ስለዚህ በመፈለጊያው ገባ ብሎ ማንም ያላስተዋወቃቸውን ማየት ይሻላል።

ቀጥሎ አማርኛ ማስገባት ነው። ርዕሱን በፊደል ጽፎ አድራሻው ምን እንደሚሆን ማየት፤ አንዳንድ መድረክ ፊደሉን ወደ ረጅም የመቶኛ ምልክትና ቁጥር ይቀይረዋል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ባዶ ያደርገዋል። የመድረኩ መፈለጊያ “ፀሐይ” ተብሎ የተጻፈውን “ጸሀይ” ብሎ ለፈለገ ሰው ያገኝለት እንደሆነም መሞከር ያስፈልጋል። ስልክ ላይም ይታይ፤ አገር ቤት ያለው አንባቢ በብዛት የሚገባው በስልክ ነውና።

ገንዘብ ከተባለ ስንት በመቶ፣ መቼ፣ በምን መንገድ እንደሚከፈል ማንበብ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው ክፍያውን የሚቀበልበት መንገድ ከሌለ ተስፋው ወረቀት ላይ ይቀራል። ውጭ ያለ ዘመድ ስም ላይ መክፈት የለመደ መላ ነው፤ ነገር ግን የገጹን ባለቤትነት ያወሳስባል።

ከሁሉ በላይ መውጫው መታየት አለበት። የሠሩትን ሁሉ በፋይል አውርዶ መሄድ ይቻላል ወይ? ኖል ሲዘጋ ጸሐፊዎቹ ሥራቸውን ወደ ብሎግ መድረኩ ዎርድፕሬስ የሚያዛውሩበት መንገድ ተሰጥቷቸው ነበር። ሰዎች የግል ገጾቻቸውን በነፃ የሚከፍቱበት ጂኦሲቲስ ግን በ1999 በያሁ ተገዝቶ በጥቅምት 2009 ሲዘጋ፣ እጅግ ብዙ የግል ገጽ የተረፈው ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድርጅትና በጎ ፈቃደኞች ሮጠው ስለገለበጡት ነው። ዲሞዝም መረጃው ክፍት ስለነበር ከመዘጋቱ በኋላ የራሱ አርታኢዎች ከርሊ በሚል ስም ቀጥለውበታል፤ ፈርጅ መርጦ ለአርታኢነት ማመልከትም ይቻላል።