ውሻ ወይም ድመት ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገር መሄድ

አብዛኛው የአዲስ አበባ ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው። ባለቤቱ አገር ሲለቅ ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ይሰጣል። ይዘው የሚወጡት በብዛት የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ሆኖም ዲቪ የደረሳቸው፣ ለትምህርት የሚሄዱና ወደ መጡበት የሚመለሱ ዳያስፖራዎችም አልፎ አልፎ "ውሻዬንስ?" ማለታቸው አይቀርም። ብዙ ሰው ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኬት ዋጋ ነው። ትኬቱ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው፤ ወራት የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ነው።

ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከአንድ በሽታ ነው፦ ከእብድ ውሻ በሽታ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው ይገድላል። ወደ ሰው የሚተላለፈውም 99 በመቶ በውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሽታውን ያጠፉ አገሮች በር ላይ ይጠነቀቃሉ። እንግሊዝን ብንወስድ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሽታውን አጥፍታ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ይዘዋቸው በገቡ ውሾች ምክንያት በ1918 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ገባባት፤ እንደገና የተገላገለችው በ1922 ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ከውጭ የገባ ውሻና ድመት 6 ወር በኳራንቲን ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ያን ረጅም ቆይታ የተካው የወረቀትና የደም ምርመራ ሰንሰለት ነው።

ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከማይክሮቺፕ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ ሐኪሙ በወፍራም መርፌ ከትከሻ አጥንቶች መሀል ከቆዳ ሥር ያስገባታል። ባትሪ የላትም። እንስሳው የት እንዳለ አትናገርም፤ ይህን የሚጠብቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። የምትሰጠው በማንበቢያ መሣሪያ ሲታይ የሚመጣ ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ብቻ ነው። ቺፑ የአይሶን (የዓለም አቀፉን የደረጃዎች ድርጅት) 11784 እና 11785 ደረጃ የጠበቀ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የሚያነበው መሣሪያ ላይገኝ ይችላል።

ቀጥሎ ክትባት። ቅደም ተከተሉ ላይ ቀልድ የለም። ቺፑ ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ቀን መግባት አለበት። ውሻው ባለፈው ዓመት ተከትቦ ቺፕ የተደረገለት ዘንድሮ ከሆነ፣ የአምናው ክትባት ለአውሮፓ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተከተበው ይኸው ውሻ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም። ቡችላና የድመት ግልገል ደግሞ 12 ሳምንት ሳይሞላቸው ቢከተቡ አይያዝላቸውም።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚገጥመው ችግር አለ። የክትባት ደብተሩ ላይ ሐኪሙ እንደ ልማዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 15/02/2017 ብሎ ይጽፋል። ጥቅምት 15 ማለቱ ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 25 ቀን 2024። ፍራንክፈርት ላይ ደብተሩን የሚያየው ሰው ግን ፌብሩዋሪ 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ክትባቱም ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል ይላል። ስለዚህ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በፊደል ይጻፍ። የክትባቱ ስም፣ የአምራቹ ስምና የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩም ይስፈሩ። ከጠርሙሱ ላይ የሚላጠው ትንሽ ወረቀት ደብተሩ ላይ ቢለጠፍ የበለጠ ጥሩ ነው።

ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ይቀዳል። ምርመራው ክትባቱ በእርግጥ ሠርቶ እንደሆነ ያሳያል፤ በደሙ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ (በሽታውን የሚከላከለው ንጥረ ነገር) በሚሊሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ናሙናው የሚላከው መዳረሻው አገር ለሚቀበለው ላቦራቶሪ ነው። ፈረንሳይ ናንሲ ያለውና አሜሪካ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲው በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ተለይቶ፣ ቅዝቃዜው ተጠብቆ፣ የቺፑ ቁጥር ተጽፎበት ይሄዳል። ከቁጥሩ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ውጤቱ ከ0.5 በታች ከመጣ ደግሞ እንደገና መከተብና እንደገና መቀዳት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ኢትዮጵያን ያለ ደም ምርመራ ከሚያስገባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላካተታትም። ስለዚህ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ 3 ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። ሲደመር ከክትባት እስከ በረራ 4 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ትንሹ የሚገባ ቡችላም ወደ 7 ወር ይጠጋዋል። ደስ የሚለው፣ ክትባቱ በየጊዜው ሳይቋረጥ ከታደሰ የደም ምርመራውን መድገም አያስፈልግም። ከአውሮፓ ውሻ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ከመነሳቱ በፊት እዚያው ምርመራውን ካስደረገና በውሻው ፓስፖርት ላይ ካስመዘገበ፣ ሲመለስ 3 ወሩን አይጠብቅም። ስንቱ ይህን ሳያውቅ መጥቶ እዚህ ይጉላላል!

አሜሪካ ሕጓን ያጠበቀችው ከኦገስት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሲዲሲ (የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ኢትዮጵያን የውሻ እብደት ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች መድቧታል። ከዚህ የሚሄድ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለውና በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የተረጋገጠ የክትባት ቅጽ የያዘ መሆን አለበት። ደሙም ውሻው አሜሪካ ከመግባቱ ቢያንስ 28 ቀን በፊት የተቀዳ ይሁን። የመግቢያው በርም የተወሰነ ነው፤ ሲዲሲ የመዘገበው የእንስሳት ማቆያ ያለበት ኤርፖርት ላይ፣ አስቀድሞ ቦታ አስይዞ መድረስ ያስፈልጋል። ለእኛ ሰው የሚመቸው የዋሽንግተኑ ዳለስ ከነዚህ አንዱ ነው። የደም ውጤት የሌለው ውሻ በማቆያው 28 ቀን ይቀመጣል፤ ወጪው የባለቤቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተከትቦ የመጣ ውሻ መንገዱ ይቀልለታል፤ ግን የአሜሪካው ግብርና መሥሪያ ቤት ቅጹን ከጉዞው በፊት ያጸደቀለት ከሆነ ነው። ድመቶች ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው፤ ሲዲሲ የእብደት ክትባት አይጠይቃቸውም፤ ክፍለ ግዛቱና አየር መንገዱ ግን ሊጠይቁ ይችላሉ።

እንግሊዝም 3 ወር ታስጠብቃለች፤ ለውሻ በተጨማሪ ከመግባቱ ከ24 እስከ 120 ሰዓት በፊት የኮሶ ትል መድኃኒት ትጠይቃለች። በአውሮፕላን የሚገባውም በካርጎ ብቻ ነው። እስራኤልም ቺፕ፣ ክትባትና የደም ውጤት ትፈልጋለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች አስቀድሞ የተገኘ የመግቢያ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ፒትቡልን የመሳሰሉ ዝርያዎችንም ጭራሽ አታስገባም። በነገራችን ላይ በኤምሬትስ አየር መንገድ ከዱባይ ወደ አንዳንድ የፓኪስታን ከተሞች ጭልፊት ከሰው ጋር ተሳፍሮ ይሄዳል። ውሻ ግን ታች፣ ጭነት ክፍል ነው።

የመጨረሻው ወረቀት የጤና ሰርተፍኬቱ ነው። ለአውሮፓ ሲሆን ከተፈረመ እስከ መግቢያው ባለው ጊዜ የሚያገለግለው 10 ቀን ብቻ ስለሆነ ቀደም ብሎ ማውጣት አይጠቅምም። እዚህ ጉዳዩ የሚያልቀው በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም በኩል ነው። የግል ክሊኒክ ሐኪም ፊርማ ብቻውን አይበቃም። በመሀል በዓል ካለ አስቡበት፤ የገና ሰሞን ቢሮ መመላለስ ማለት ምን እንደሆነ የምታውቁት ነው። እንስሳው ከባለቤቱ በፊት ወይም በኋላ ከሄደ ልዩነቱ ከ5 ቀን መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ እንደ ንግድ ዕቃ ይታያል።

ሳጥኑስ? አየር መንገዶች የሚከተሉት የአያታን (የዓለም አቀፉን የአየር ትራንስፖርት ማኅበር) የሕያው እንስሳት ደንብ ነው። ውሻው ጭንቅላቱ ጣሪያ ሳይነካ ሊቆም፣ ሊዞርና ሊተኛ ይገባል። መተንፈሻው በየጎኑ ይሁን፤ የላይኛውና የታችኛው ክፍል በብረት ብሎን ይታሰር፤ ጎማ ካለው ይነቀል። የውሃ ሳህኑ በሩን ሳይከፍቱ የሚሞላ ይሁን። ውሃውን ቀድሞ በረዶ አድርጎ ማስቀመጥ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሲጫን አይፈስም፣ በመንገድ ቀስ እያለ ይሟሟል።

ዕድሜውን በሙሉ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የኖረ ውሻ ግን ቤት እንኳ ገብቶ አያውቅም፤ ሳጥን ሲያይ ይደነግጣል። ሳምንታት ቀደም ብሎ በሩን አውልቆ ሳጥኑን ግቢው ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ምሳውን መጀመሪያ አጠገቡ፣ ከዚያ ደፉ ላይ፣ በኋላ ውስጥ መስጠት። ባለቤቱ የለበሰው አሮጌ ሹራብ ሳይታጠብ ውስጡ ይነጠፍ። ራሱ ገብቶ መተኛት ሲጀምር በሩ ይገጠማል፣ ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋል፣ ከዚያ እየረዘመ ይሄዳል።

"እንዳይጨነቅ ማስተኛ ስጡልኝ" የሚል ሰው አይጠፋም። ሐኪሞች አይመክሩትም። መድኃኒቱ የደም ግፊት ይቀንሳል፣ አተነፋፈስንም ሊያውክ ይችላል፤ ታች ደግሞ የሚያየው ሰው የለም። ቡልዶግና ፐግን የመሳሰሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች፣ እንዲሁም የፋርስ ድመት፣ ሳይሰጣቸውም ቢሆን በሙቀት ይታፈናሉ። አንዳንድ አየር መንገዶች እነዚህን ጨርሶ አይጭኑም፤ በፈረንጆቹ የሙቀት ወራትም ለሁሉም እንስሳ የሚከለክሉ አሉ። የአዲስ አበባን ብርድ የለመደ ውሻ በጁላይ ባሕረ ሰላጤው ላይ ትራንዚት ባያደርግ ይመረጣል።

ሲደርሱ ሠራተኛው ቺፑን አንብቦ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል። ካልተስማማ እንስሳው በባለቤቱ ወጪ ይመለሳል ወይም ኳራንቲን ይገባል። ከተስማማ መሄድ ነው። ከዚያ የሚቀረው የቺፑን ቁጥር በአዲሱ አገር መዝገብ ላይ በአዲሱ ስልክና አድራሻ ማስመዝገብ ነው፤ ያልተመዘገበ ቁጥር የጠፋ ውሻ ላገኘ ሰው ምንም አይነግረውም።