በቁርጥ ዋጋ ተፈርሞ ሂሳቡ ለምን ይንራል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ፕሮጀክት ሲጓተት ሰው የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «በቁርጥ ዋጋ አይደል እንዴ የተፈረመው?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ቁርጥ ዋጋ የሚጸናው ግን ውሉ ላይ ለተዘረዘረው ሥራ ብቻ ነው። አሠሪው መሃል ላይ ዲዛይን ከቀየረ ወይም ሳይቱን በጊዜ ካላስረከበ፣ ተቋራጩ ተጨማሪ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል።

የስኮትላንድን ሁለት የሕዝብ ማመላለሻ መርከቦች እንይ። እ.ኤ.አ. በ2015 በ97 ሚሊዮን ፓውንድ ቁርጥ ዋጋ ተፈረመ። ዝርዝር ዲዛይኑ ግን ገና አላለቀም ነበር። መርከብ ሠሪውና አሠሪው «ጥፋቱ ያንተ ነው» ሲባባሉ መርከብ ሠሪው ድርጅት በ2019 ለኪሳራ ተዳረገ፤ መንግሥት ተረከበው። ግሌን ሳኖክስ የተባለችው መርከብ በ2018 ትደርሳለች ተብላ ሥራ የጀመረችው በጃንዋሪ 2025 ነው። የሁለቱ መርከቦች ወጪ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ።

እኔን በጣም የሚከነክነኝ ዋስትናው ነው። ውሉ የተፈረመው ሙሉ የገንዘብ ተመላሽ ዋስትና፣ ማለትም ሠሪው ሥራውን ካልፈጸመ አሠሪው የከፈለውን ባንክ እንዲመልስለት የሚያደርግ ዋስትና፣ ሳይያዝ ነው። ነገሩ ሲበላሽ አሠሪው የከፈለውን ሙሉ በሙሉ የሚመልስለት አልነበረም።

ነገ ሐይቅ ላይ የሕዝብ ጀልባ ይገዛ ቢባል፣ ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁ፦ ዲዛይኑ አልቋል ወይ? ዋስትናውን የሰጠው የትኛው ባንክ ነው? እስከ መቼስ ይጸናል?