«ቁልፉን ከመቃብሩ ላይ አኖረች»

በድሮው የፈረንሳይ ሕግ ቋንቋ «ቁልፉን ከመቃብሩ ላይ ማኖር» ማለት የሟችን ሀብትም ዕዳም አልፈልግም ብሎ መተው ነው። በመካከለኛው ዘመን የመኳንንት መበለቶች ይህን በእጃቸው ያደርጉት ነበር።

የፈረንሳይ ግዛት የነበረችው የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ ደፋሩ በሚያዝያ 1404 (እ.ኤ.አ.) ሲሞት ዕዳ ተቆልሎበት ነበር፤ ልጆቹ ለቀብሩ ወጪ የብር ዕቃ እስከ ማስያዝ ደረሱ። ሚስቱ ማርግሪት መቀነቷን ከነገንዘብ ከረጢቷና ከነቁልፎቿ ፈትታ ከሬሳ ሣጥኑ ላይ አኖረች፤ እዚያው የነበረው ውል አዋዋይም ይህንኑ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላት ጠየቀች። ከረጢቱና ቁልፉ የሚንጠለጠሉት ከመቀነት ላይ ነው፤ ያለ እነሱ ገንዘብ አይወጣም፣ ሣጥን አይከፈትም። ብራቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ለሚቋጥሩት ለእኛ እናቶች ነገሩ ማብራሪያ አያሻውም።

ያጣችው የጋራውን ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፦ የብር ዕቃውን፣ ጌጡን፣ ጥሬ ገንዘቡን። ከአባቷ የወረሰቻቸው የፍላንደርስና የአርቷ ግዛቶች ግን የራሷ ስለሆኑ አልተነኩም። ዱዌር የሚባለው የመበለት ድርሻም ቁልፍ በማኖር አይቀርም። መጠኑ በፓሪስ ልማድ (በከተማዋ ልማዳዊ ሕግ) የባል የግል ርስት ግማሽ፣ በእንግሊዝ ሲሶ ነበር። የተያዘው በአላባ ስለሆነ ፍሬውን ትበላለች እንጂ መሬቱን አትሸጥም፤ ስትሞት ለባሏ ወራሾች ይመለሳል። ማግና ካርታ የተባለው የ1215ቱ የእንግሊዝ የመብት ሰነድ ደግሞ መበለቷ በባሏ ቤት 40 ቀን እንድትቆይና ድርሻዋ በዚያው ጊዜ ውስጥ ተለይቶ እንዲሰጣት አዟል።

ነገሩን የሚያበላሸው ስስት ነው። ንብረቱን በሙሉ በሐቅ ማስቆጠር ሲገባት አንዲት የብር ጽዋ የደበቀች እንደሆነ የጋራውን ሀብት እንደተቀበለች ይቆጠርባታል፤ ዕዳውም ተመልሶ ከራሷ ላይ ይወድቃል።

መብቱ ለምን ለመኳንንት ሚስቶች ተሰጠ? የድሮ የሕግ ሰዎች ባሎቻቸው ለመስቀል ጦርነት ሲዘምቱ የሚገቡበትን ዕዳ ያነሣሉ። ይበልጥ የሚያሳምነው ግን ባል ሚስቱን ሳያማክር የጋራውን ሀብት አስይዞ መበደር መቻሉ ነው፤ ላልተጠየቀችበት ዕዳ መውጫ በር ያስፈልጋታል። የፓሪስ ልማድ በ1580 ሲሻሻል መብቱ ለተራው ሰው ሚስትም በግልጽ ተጻፈ።

ትናንሽ ልጆች ያሏት ግን ሌላ አባባል ይጠብቃታል፦ «ሞግዚትነት የወሰደ ከዕዳ ነጻ አድርጎ ይመልሳል»። የልጆቹን ርስት ፍሬ ትሰበስባለች፤ በዚያው ልክ ታሳድጋቸዋለች፣ ቤቱን ታድሳለች፣ ዕዳውንም ትከፍላለች። ቁልፉን አኑራ ይህን ሞግዚትነት የተቀበለች መበለት ያመለጠችውን ዕዳ በጓሮ በር መልሳ ታገኘዋለች።