"ሁለት ሞተር ስላለው አይወድቅም" ለምትሉኝ

ሥራዬ የአውሮፕላን ጥገና ነው። ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ስልኩን ዘርግቶ የሚያሳየኝ ሰው አይጠፋም። ፎቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ በ1950ዎቹ የተሠራ፣ ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን። "ዋጋው እኮ እዚህ ካለ ደህና መኪና አይበልጥም!" ይለኛል። ቀጥሎ የሚለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። "ደግሞ ሁለት ሞተር አለው፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይመጣል።"

ከአዲስ አበባ ተነስቶ እንዲህ በቀላሉ አይመጣም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስሌቱን አብረን እንየው። የሁለቱ ሞተሮች ጉልበት በድምሩ 100 ነው እንበል። አውሮፕላኑ ከፍታውን ጠብቆ ለመብረር ብቻ 40 ይፈልጋል። ወደ ላይ ለመውጣት 60 ይተርፈዋል። አንዱ ሞተር ሲጠፋ 50 ይቀራል፤ 40ው ሲነሳለት ለመውጫ የሚተርፈው 10 ብቻ ነው። ጉልበቱ በግማሽ ቀነሰ፣ የመውጣት አቅሙ ግን ከ80 በመቶ በላይ ጠፋ። ይህም በባሕር ጠለል ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2334 ሜትር ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አየሩ ስለሳሳበት እዚህ ገና ሳይነሳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አጥቷል። 100 የነበረው 75 ሆኗል። አንዱ ሲጠፋ 37 ገደማ ይቀራል፤ የሚያስፈልገው ግን 40 ነው። ስለዚህ ይወርዳል። በሰሜን በኩል ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ የሆነው እንጦጦ አለ። ቀኑ 25 ዲግሪ ከሞቀ አየሩ የበለጠ ይሳሳል፤ ሞተሩ ከ10000 ጫማ (3000 ሜትር ገደማ) በላይ ያለ ያህል ነው የሚሠራው።

ሌላም አለ። የቀረው ሞተር በአንድ ጎን ብቻ ስለሚስብ አፍንጫው ይዞራል። በፍጥነት መለኪያው ላይ ቀይ መስመር አለ። ፍጥነቱ ከዚያ በታች ከወረደ የኋላው መሪ ሊይዘው አይችልም፤ አውሮፕላኑ ይገለበጣል። በአንድ ሞተር መንጃ ፈቃድ ያገኘ ፓይለት ለባለ ሁለት ሞተር ተጨማሪ ሥልጠናና ፈቃድ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

"ለዓመታት ስለቆመ ሞተሩ አልተበላም" የሚሉም አሉ። ቆሞ መቅረት ነው የሚበላው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ሊገዛ ያሰበውን አውሮፕላን እንዳይለት ጎረቤት ሀገር ወሰደኝ። ቀለሙ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ። ሎግቡኩን፣ ማለትም የበረራና የጥገና መዝገቡን፣ ስገልጥ የ11 ዓመት ገጽ ባዶ ነው። ሞተሩ ላይካሚንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሥራ ነበር። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ከላይ ስለሚቀመጥ ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ይደርቅበታል። አንድ ሲሊንደር አስፈትቼ ጣቴን አስገባሁ። ሳወጣው ቀይ የዝገት ዱቄት ነበረበት። ደንበኛዬ ጣቴን አየና ከሻጩ ጋር ሳይከራከር ወጣ።

ነዳጁንም ቦሌ የሞላ ይመስላቸዋል። እዚያ በብዛት የሚቀዳው የጄት ኬሮሲን ነው። እነዚህ ሞተሮች የሚፈልጉት አቭጋስ የሚባል ሰማያዊ ቤንዚን ነው። ኬሮሲን ከገባባቸው አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተነሳ ሊጠፉ ይችላሉ።

"አርጅቷል" ማለት ብቻውን ምንም አይደለም። በደንብ የተያዘ የ60 ዓመት አውሮፕላን ይበርራል።

"የኢትዮጵያ አየር መንገድ እኮ በእነዚህ ነው የጀመረው" የሚለውን ግን በአክብሮት እመልሳለሁ። እውነት ነው፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የበረረው የመጀመሪያው አውሮፕላን ባለ ሁለት ሞተሩ ሲ-47 ነበር። ነገር ግን በስተኋላው የአሜሪካው አየር መንገድ የቲ.ደብሊው.ኤ. ባለሙያዎች፣ መካኒኮችና መለዋወጫ ነበሩ። በየሞተሩ በክብ የተደረደሩ 14 ሲሊንደሮች አሉ። ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ስለሚወርድ ከማስነሳትህ በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ ታዞራለህ። ይህን ሳታደርግ ብታስነሳው የፒስተኑ ዘንግ ሊታጠፍ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው አለህ?

አሁንም እገዛለሁ ካልክ ለሁለት ሞተር እድሳት የሚሆን ገንዘብ ከግዢው ለይተህ አስቀምጥ፤ ላይካሚንግ ሞተሩ ባይበርም በ12 ዓመቱ እንዲታደስ ይመክራል። አቭጋሱን ከየት እንደምታገኝ ቀድመህ አረጋግጥ። ሲቪል አቪዬሽን ለምዝገባ የሚጠይቀውን ሰነድ ጠይቀህ ያዝ። ለእኔም የአውሮፕላኑን ፎቶ ሳይሆን የሎግቡኩን ገጾች አንድ በአንድ አንስተህ ላክልኝ፤ ቁጭ ብዬ አነብልሃለሁ።