ድህነትና ከመጠን ያለፈ ውፍረት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተሳሳተ አመለካከት፦ ውፍረት የጥጋብ ምልክት ስለሆነ ድሃን አይነካም።

እውነታው፦ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ውፍረት በብዛት የሚታየው ኑሮው በተደላደለው የኅብረተሰብ ክፍል ዘንድ በመሆኑ አመለካከቱ ከምንም የመነጨ አይደለም። ሆኖም የአገር ሀብት ባደገ ቁጥር ሸክሙ ወደ ድሆች እየዞረ ይሄዳል፤ በበለጸጉ አገሮች፣ በተለይም በሴቶች ዘንድ፣ ችግሩ የሚበረታው ገቢያቸው አነስተኛ በሆኑት ላይ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ሰዎች የሚወፍሩት ራሳቸውን መግዛት ስላቃታቸው ነው።

እውነታው፦ ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደውና ብዙ ሰው ያሸማቀቀው ይህ ፍርድ ነው። አንድ ግራም ስብ 9፣ አንድ ግራም ስኳር ደግሞ 4 ካሎሪ ይሰጣል፤ 100 ግራም ጥቅል ጎመን ግን አብዛኛው ውሃ በመሆኑ የሚሰጠው 25 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። ዘይት፣ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት በርካሽ የሚመረቱና ሳይበላሹ የሚቆዩ ስለሆኑ፣ በጥቂት ገንዘብ ልጆቿን አጥግባ ማሳደር ያለባት እናት ወደ እነዚህ ብታዘነብል ስሌቷ ትክክል ነው፤ ልጆቹ ያልለመዱትን አትክልት ቀምሰው ቢተዉት የባከነውን የምትተካበት የላትም። እ.ኤ.አ. በ2019 በኬቨን ሆል የተመራ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ቡድን ባሳተመው ጥናት፣ በስኳር፣ በስብ፣ በጨውና በአሰር መጠናቸው የተቀራረቡ ሁለት ዓይነት ማዕዶች፣ አንዱ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ሌላው ብዙም ያልተቀነባበረ፣ ለ20 ጎልማሶች ቀርበው፣ እያንዳንዱን ለሁለት ሁለት ሳምንት እንዳሻቸው እንዲበሉ ተደርጓል። በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረው በቀረበላቸው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አስበልጠው በልተዋል፤ ክብደታቸውም 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ጨምሯል። ሰዎቹ በሁለቱም ጊዜ እነዚያው ነበሩ፤ የተለወጠው ማዕዱ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የወፈረ ሰው ምግብ አልጎደለበትም።

እውነታው፦ ካሎሪ የተትረፈረፈለት ሰውነት ብረትና ቫይታሚን ሊያጣ ይችላል፤ በአንድ ቤት ውስጥ የወፈረች እናትና የቀነጨረ ልጅ አብረው መገኘታቸውም በሥነ ምግብ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እንዲያውም ረሃብ ራሱ ውፍረትን ሊያስከትል ይችላል፦ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ኔዘርላንድስ በተራበችበት ወቅት፣ በእርግዝናቸው የመጀመሪያ አጋማሽ ረሃብ ከደረሰባቸው እናቶች የተወለዱ ወንዶች በ19 ዓመታቸው ሲመረመሩ ውፍረት በዝቶባቸው ተገኝቷል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በድሃ ሰፈር ጤናማ ምግብ የሚሸጥ መደብር ከተከፈተ ችግሩ ይፈታል።

እውነታው፦ የመደብር ርቀት እንቅፋት መሆኑ አይካድም፤ ብቸኛው ግን አይደለም። በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ አዲስ ሱፐርማርኬት በተከፈተበት ሰፈር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ነዋሪዎቹ ምግብ በቅርብ መገኘቱን ቢመሰክሩም በክብደታቸውም ሆነ በሚበሉት የአትክልትና ፍራፍሬ መጠን ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳልታየ አመልክቷል። በበኩሌ ውጤቱ አያስገርመኝም። ጥራጥሬ ለመቀቀል ነዳጅና ጊዜ፣ አትክልት ለማቆየት ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ በሁለት ሥራ ሲዋከብ ውሎ ማታ ለሚገባ ሰው፣ ገቢውና የሥራ ሰዓቱ እስካልተሻሻሉ ድረስ፣ መደብሩ በሩ ላይ ቢቆምም የሚገዛው ቶሎ የሚደርሰውንና የሚያጠግበውን ነው።